ከመርዶው በፊት የነበረው ቅዳሜ

እናቷ ሐሙስ ሞተች፤ አርብ ተቀበረች፤ ቅዳሜ ናዝራዊትን መዝናኛ ፓርክ ወሰዷት። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ከትልልቆቹ ሰዎች ነገሩን የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። አጎቷ ጸጋዬ ያውቃል፤ ከአዲስ አበባ የተደወለው ለእሱ ነው። ሚስቱ ስሂን ታውቃለች። ጸጋዬ የሚሠራበት ፓርኪንግ ያሉ ባልደረቦቹ ያውቃሉ፤ እድሩ ያውቃል፤ ታች ፎቅ ያለችው የጎንደር ሴትዮ እንኳ ታውቃለች፤ አርብ ማታ ናዝራዊትን ሊፍት ውስጥ ስታገኛት እንደ ወትሮው አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ በማለፍ ፈንታ አራት ጊዜ አገላብጣ ስማታለች። ሞት ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም፤ በሥራ ቀንም አይነገርም። እሑድ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ነው። ስለዚህ መርዶው ለእሑድ ተቀጠረ፤ መሀል ላይ አንድ ባዶ ቅዳሜ ቀረ። ባዶ ቀን ደግሞ አደገኛ ነው። ሰው ስልኩን ይከፍታል፤ ፌስቡክ ያያል፤ ከአዲስ አበባ አንድ ጅል የሰፈር ልጅ “ነፍስ ይማር” ብሎ ይጽፍለታል።

ባዶውን ቀን የሚሞላው ነገር የተገኘው ማቀዝቀዣው በር ላይ ነው። ስሂን የምትሠራበት ሆቴል ለሠራተኞቹ በቅናሽ የሸጠው አምስት ቲኬት ከሰኔ ጀምሮ በማግኔት ተለጥፎ ነበር። ዊሊያምስበርግ አጠገብ ሁለት ጎረቤታም ፓርኮች አሉ፤ አንደኛው ሽቅብ ቁልቁል የሚምዘገዘግ ባቡር፣ የሮለር ኮስተር ነው፣ ሌላኛው በመኪና አምስት ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ላይ ያለ የውሃ ፓርክ። ቲኬቱ ከሁለቱ ወደ ፈለጉት ያስገባል፤ ወደ ሁለቱም ግን አያስገባም፤ ደግሞ ቅዳሜ ኤክስፓየር ያደርጋል። ለልጆቹ ቃል ተገብቶላቸዋል። ናዝራዊት አንዴ ከተረዳች በኋላ ለስንት ቀን ልጅ የሚይዝ ሰው እንደማይኖር ስሂን አስባበታለች፤ ማሰቧን ግን ለማንም አልተናገረችም፤ የተናገረችው “ልጅቷም ትንሽ አየር ታግኝ” የሚለውን ነው።

ናዝራዊት እናቷን በስልክ ካገኘቻት አሥራ አንድ ቀኗ ነው። አልተጨነቀችም። ወይዘሮ እንግዳወርቅ በየዓመቱ የፍልሰታን ጾም ሱባዔ ገብታ ነው የምታሳልፈው፤ ስልኳን ዘግታ፣ ቤቷን ለጎረቤቷ ለሀጀራ አደራ ብላ። ዘንድሮም ጾሙ ሲገባ ስልኩ ተዘጋ። “ሱባዔ ገብታለች” አላት ጸጋዬ፤ እሷም ሳትጠይቅ አመነች። ዘንድሮ እናቷ የገባችው ሆስፒታል ነበር፤ ኩላሊቷ ነው። ጸጋዬ ለሀጀራ “ለልጅቷ እንዳትደውሉ፤ ሁሉም ነገር በእኔ በኩል ይሁን” ብሎ ነበር፤ ሀጀራም ቃሏን ጠበቀች።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ናዝራዊት ወጥ ቤት ቆማ የምስር ሳምቡሳ በፎይል ትጠቀልላለች። ስሂን ከመኝታ ቤት ወጥታ ከነዋጋው የዋና ልብስ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አሥራ ዘጠኝ ዶላር ከዘጠና ዘጠኝ።

“ለኔ ነው እትዬ?”

“ለማን ይመስልሻል? ለጸጋዬ?”

ናዝራዊት ሳቀች። ከአዲስ አበባ መጥታ ልጆቹን መያዝ ከጀመረች ወዲህ በሁለት ዓመት ውስጥ በዚህ ቤት ለእሷ የተገዛላት ነገር አንድ የክረምት ካፖርት ብቻ ነበር፤ እሱም ገና ካለፈ በኋላ በቅናሽ። ወደ ፓርክ ስትወሰድም የመጀመሪያዋ ነው፤ ባለፈው ዓመት ልጆቹ ሲሄዱ እሷ ምንጣፉን በሻምፑ አጥባለች። ጸጋዬ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ጫማው ከታሰረ ቆይቷል፤ እሱ ግን አንገቱን አላነሳም። አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጃቸው ዮዲ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ናዝራዊትን ዝም ብላ ታያታለች። ስምንት ዓመት የሆነው ታናሿ ሄኒ የዋና መነጽሩን ከአሁኑ ግንባሩ ላይ አድርጎ “ዋተር! ዋተር!” እያለ በኮሪደሩ ይሮጣል። ዮዲ አዲሱን ሮለር ኮስተር ነው የምትፈልገው፤ ትምህርት ቤት ጓደኞቿ ሁሉ ወጥተውበታል፤ ይህንንም ከሰኔ ጀምሮ በየቀኑ ተናግራለች።

አሌክሳንድርያ ሲደርሱ ጋሽ ከፈለ ቫናቸውን አሙቀው ይጠብቁ ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከደለስ ኤርፖርት ሰው ያመላለሱበት ቫን ነው፤ ወንበሮቹ ላይ አሁንም የሻንጣ ሽታ አለ። “እኔ የምሄደው ለመንዳት ነው” አሉ፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጋሽ ከፈለ የመርዶ ሰው ናቸው። ከውድብሪጅ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ሲሞትበት ቀድሞ የሚደወለው ለእሳቸው ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ማለዳ የሰው በር አንኳኩተዋል። ሕግ አላቸው። መኪና ለሚነዳ ሰው አይነገርም። ደረጃ ላይ ለቆመ አይነገርም። ልጅ ለታቀፈ፣ ቢላ ለያዘ፣ ባዶ ሆዱን ለዋለ አይነገርም። አንድ ጊዜ ፎልስ ቸርች ውስጥ አንድ ሰው የወንድሙን ሞት መሰላል ላይ ሆኖ አምፖል ሲቀይር ሰምቷል፤ እስከ ዛሬ በክራንች ነው የሚሄደው። ከሁሉ የሚበልጠው ሕጋቸው ደግሞ ይሄ ነው፦ ሐዘን የሚመጣበት ሰው ዋዜማውን ይብላ፣ ይሳቅ፣ ይድከም፣ ይተኛ። ፓርኩን ጸጋዬ ፈራ ተባ እያለ ሲያማክራቸው እጃቸውን ያጨበጨቡት ለዚህ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር።

ሻይ ጠጥተን እንውጣ አሉና ወደ ቤታቸው አስገቧቸው። አሥራ አራተኛ ፎቅ ነው፤ በመስኮቱ አውራ ጎዳናው ይታያል፤ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሶፋ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ የእድሩ መሥራቾች ፎቶ። ኪራዩ በሰባት ዓመት ውስጥ በእጥፍ መጨመሩን፣ ዩ ስትሪት የነበረው የወንድማቸው ልጅ ሱቅም መዘጋቱን ለናዝራዊት አጫወቷት፤ እናቷን ግን አልጠየቋትም። ሁልጊዜ ሲያገኟት በመጀመሪያ የሚጠይቋት እናቷን ነበር። ከዚያ ትልልቆቹ ሦስቱ “ሻዩን እናምጣ” ብለው ኩሽና ገቡና ቧንቧውን ከፈቱት። ሻይ ለማፍላት ሦስት ሰው እንደማያስፈልግ ናዝራዊት አላሰበችበትም። የምትሰማው የውሃውን ድምፅ ብቻ ነበር።

“የውሃው ፓርክ ይሻላል” አሉ ጋሽ ከፈለ። “ውሃ ሰውነት ያዝላል፤ ማታ ትተኛለች። ስልኳም ሎከር ይገባል። ከዚያ ወዲያ ማንም አያገኛትም።”

“ፎቶውስ?” አለች ስሂን። “ሰው ሁሉ ስልኩን ቀስሮ ነው የሚዞረው። ነገ ከነገ ወዲያ፣ እናቷ ሰልስቷ እንኳ ሳይወጣ ራቁቷን ውሃ ውስጥ ስትንቦራጨቅ ዋለች ቢባል የሚሰደበው ማነው? እኔ ነኝ። እዚያኛው ቢሆን ቢያንስ ልብሷን ለብሳ ነው።”

“እዚያኛው ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነው” አሉ ሽማግሌው።

“የዋናውን ልብስ ማን ግዢ አለሽ ታዲያ?” አለ ጸጋዬ።

“ምን ላድርግ? የእኔን ላልብሳት?”

ጸጋዬ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ከሐሙስ ጀምሮ ውሳኔ ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚወድቀው፤ ሰልችቶታል። “እሷ ትምረጥ” አለ። “ቢያንስ ይሄን እንኳ እሷ ትምረጥ።”

ስለዚህ ሻዩን ይዘው ወጡና ጠየቋት። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ውስጥ ወጡ ምን ይሁን ተብላ እንኳ ተጠይቃ የማታውቅ ልጅ፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ፊቷ ተደርድረው “አንቺ የምትይው ይሁን” ሲሏት መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ቲኬቶቹን አየች። በአንደኛው ፓርክ ሥዕል ላይ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው በባቡር ይወርዳሉ፤ በሌላኛው ላይ በቱቦ ውሃ ይወርዳሉ። ውሃውን ወደደችው። ሙቀቱ ከአሁኑ ተጀምሯል፤ አዲሱ የዋና ልብስም ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

“የባቡሩ ይሁን” አለች ግን። “ውሃው ጋ ስልክ አይያዝም አይደል? እማዬ አንዳንዴ ቅዳሜ ከሱባዔዋ ብቅ ብላ ትደውላለች። እንዳታጣኝ።”

ዮዲ ከሶፋው ላይ ዘላ ተነሣች፤ “የስ!” አለች። ስሂን ስኳር ያለበት ሻይ ላይ እንደገና ስኳር ጨመረች። ጸጋዬ መስኮቱን አየ። ጋሽ ከፈለ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

“ጥሩ ብለሻል ልጄ። ብቻ… ሄኒ ቁመቱ አይደርስም። ባቡሩ ላይ ቁመት ይለካሉ። ልጁ ቀኑን ሙሉ ሊያለቅስ ነው። ዛሬ ለትንሹ እንተውለት፤ ምን ይመስልሻል?”

“ይሁና” አለች ናዝራዊት። ቅር አላላትም፤ እንዲያውም ምርጫው ተመልሶ ሲወሰድባት ነገሩ ሁሉ ወደምታውቀው ሥርዓት ተመለሰ። ያለቀሰችው ዮዲ ናት። ከአሌክሳንድርያ እስከ ዊሊያምስበርግ ድረስ፣ መንገዱ ላይ የነበረው የቅዳሜ መጨናነቅ ተጨምሮበት ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ከማንም ጋር አልተነጋገረችም።

ጋሽ ከፈለ ለፓርኪንግ አሥራ አምስት ዶላር ከፍለው ቫኑን ዛፍ ጥላ ሥር አቆሙና ውዳሴ ማርያማቸውን አወጡ። “እኔ እዚሁ ነኝ” አሉ ለጸጋዬ፤ “ምናልባት ወሬው ድንገት ካፈተለከ ና ጥራኝ፤ ማንም አንድ ቃል እንዳይናገራት።” አምስቱ ገቡ። ሎከሩ፣ ዕቃ የሚቆለፍበት ሳጥን፣ ግራጫና ጠባብ ነው፤ ኪራዩ አሥር ዶላር። ጸጋዬ የሁሉንም ስልክ ሰበሰበ፤ የናዝራዊትን ከሁሉ በፊት ተቀበላት። ስሂን የራሷን “ለልጆቹ ፎቶ” ብላ ልታስቀር ስትል “አስገቢው!” ብሎ ተቆጣ። ቆለፈና ቁልፉን በላስቲክ እጅ አንጓው ላይ አሰረ።

ናዝራዊት ቀኑን ወደደችው። መደበቅ አያስፈልግም፤ ወደደችው። በለበሰችው አፍራ ለአሥር ደቂቃ ፎጣ ተጠቅልላ ተቀመጠች፤ ከዚያ ማንም እንደማያያት አወቀች፤ ከእሷ ሦስት እጥፍ የሚወፍሩ ሴቶች ከእሷ ባነሰ ጨርቅ ቺፕስ እየበሉ ያልፋሉ። ውሃ ውስጥ ገባች። ሄኒን በጎማ ላይ አስቀምጣ ገፋችው፤ ሰው ሠራሹ ማዕበል ሲመጣ አብራው ጮኸች፤ አፍንጫዋ ውስጥ ውሃ ገባ፤ እያስነጠሰች ሳቀች። ጸጋዬ ሱሪውን ጠቅልሎ ጥልቀት በሌለው በኩል ቆሟል። ስትስቅ ያያታል፤ ቀና ስትል ዓይኑን ያሸሻል። ስሂን ጥላ ሥር ሆና አላፊውን ሁሉ ታጠናለች፤ ሐበሻ የሚመስል ሰው ባለፈ ቁጥር ፎጣ አንስታ “ነዪ፣ ብርድ ይመታሻል” ትላታለች። ጸሐዩ ሰላሳ አራት ዲግሪ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዮዲ ትልቁ ቱቦ ላይ ለመውጣት አብሯት የሚሰለፍ ትልቅ ሰው ፈለገች፤ ናዝራዊት ተሰለፈች። የእንጨት ደረጃ ነው፤ አምስት ፎቅ ያህል ይወጣል፤ ሰልፉ በደረጃው ላይ ይጠማዘዛል። ከላይ ሲታይ ከጫካው ማዶ የጎረቤቱ ፓርክ ባቡር ሐዲድ ይታያል፤ ጩኸቱም ነፋስ ሲመጣ ይሰማል። ዮዲ በጣቷ ወደዚያ ጠቆመች።

“ሁለታችንም እዚያ ነው ያልነው” አለች። “ኢትስ ኖት ፌር።”

“ሄኒ ትንሽ ነው፣ ዮዲዬ። ሌላ ጊዜ።”

“በሄኒ ምክንያት አይደለም። ሄኒ ባለፈው ዓመት ራሱ ገብቷል፤ ለትንንሽ ልጆች ሌላ ባቡር አለ። ላይ እያረጉ ነው፣ ውሸት ነው። በአንቺ ምክንያት ነው። ስልክሽን ሎክ ለማድረግ ነው።”

“ስልኬን ምን ያደርጉታል?”

ልጅቷ ወደ ሐዲዱ እያየች ነበር፤ ፊቷን አላዞረችም። “ቢኮዝ ዩር ማም ዳይድ” አለች።

ናዝራዊት የልጅቷን ጀርባ አየች። ዮዲ እንግሊዝኛው ያልገባት መሰላትና ዞር ብላ፣ አማርኛ ስትናገር እንደምታደርገው ቃል በቃል እየለየች ደገመችላት። “እናትሽ። ሞተች። ሐሙስ።”

ሰልፉ ሁለት ደረጃ ከፍ አለ፤ እነሱም ከፍ አሉ። ከኋላቸው ያለ ሰውዬ ለልጁ ቀልድ ይነግረዋል። ዮዲ አንዴ ከጀመረች ማቆም አልቻለችም፤ ከግድግዳው በስተጀርባ የሰማችውን ሁሉ አፈሰሰችው። ሆስፒታል ነበረች። ሀጀራ የምትባል ሴትዮ በየቀኑ ትደውል ነበር፤ ዳድ ስልኩን ይዞ ላውንድሪ ሩም ይወርዳል። ነገ ጠዋት ብዙ ሰው ይመጣል፤ ጋሽ ከፈለ ይነግሩሻል፤ እኔና ሄኒ ታች ሴትዮዋ ጋ እንሄዳለን። ከዚያ የናዝራዊትን ፊት አየችና ፈራች። “ዶንት ቴል ዘም አይ ቶልድ ዩ፤ እንዳትነግሪያቸው። ማሚ ትገድለኛለች። ፕሊስ።”

ከፊታቸው የቀረ ሰው አልነበረም። ቀይ ቁምጣ የለበሰው ጠባቂ፣ ከሃያ ዓመት የማይበልጥ ልጅ፣ ናዝራዊትን ወደ ቱቦው አፍ በእጁ ጠራት። በጀርባ ተኚ አላት በምልክት፤ እግርሽን አጣብቂ፤ ክንድሽን ደረትሽ ላይ አመሳቅዪ። የተባለችውን አደረገች። ወደ ታች መመለስ እንደሚቻል እንኳ አላሰበችም፤ ደረጃው በሰው ተሞልቷል፤ የተባለችውን ማድረግ ደግሞ ሁለት ዓመት ለምዳዋለች። ልጁ ትከሻዋን ገፋ አደረጋት። ቱቦው ጨለማ ነው። ውሃው ይዟት ሄደ።

ታች ስትወጣ ውሃው ውስጥ ተቀመጠች። ሌላ ጠባቂ “አር ዩ ኦኬ?” አላት፤ ራሷን ነቀነቀች። መውጫው ላይ ቱቦው ውስጥ በተሰቀለ ካሜራ የተነሣውን ፎቶ በስክሪን እያሳዩ ይሸጣሉ፤ አሥራ ስምንት ዶላር። ጸጋዬና ስሂን እዚያ ቆመው ነበር። ስክሪኑ ላይ ናዝራዊት አለች፤ አፏ በሙሉ ተከፍቷል፣ ዓይኗ ተጨፍኗል።

“እዪ፣ እዪ! እንዴት እንደሳቅሽ!” አለ ጸጋዬ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረ፤ የቀኑ ዓላማ የተሳካ መሰለው።

ስሂን ግን ወደ ሻጯ ሄዳ “ዲሊት፣ ፕሊስ፤ ዲሊት” ትላት ጀመር። ሻጯ አልገባትም፤ ፎቶው ቆንጆ ነው አለቻት። ስሂን ስክሪኑን በፎጣ ልትሸፍነው ቃጣት።

ናዝራዊት እዚያው ልትጮህ ትችል ነበር። ያላስጮኻት ጥንካሬ አይደለም። አንድ ጥያቄ ነበራት፤ ቱቦው ውስጥ ሳለች ነው የመጣባት። ሀጀራ በየቀኑ ከደወለች፣ እናቷ በየቀኑ ነፍሷን ታውቅ ነበር ማለት ነው? ልጄን አገናኙኝ ብላ ጠይቃለች? ምን ተባለች? አሁን ከጮኸች ጋሽ ከፈለ ከቫኑ ይመጣሉ፤ ይደግፏታል፤ ውሃ ያጠጧታል፤ “አይዞሽ” ይሏታል። የሚያለቅስን ሰው ሰዎች ይይዙታል እንጂ አይመልሱለትም። ለቀብር ሄዳ ታውቃለች፤ ይህን በደንብ ታውቃለች።

ሳምቡሳውን ሲበሉ ከጸጋዬ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

“ጋሼ፣ ስልኬን ልየውና ልመልሰው? እማዬ ደውላ እንደሆነ።”

“አልደወለችም” አለ። ከዚያ ቶሎ ማለቱ ራሱን አስደነገጠው። “ማለቴ… እኔ ጠዋት አግኝቻታለሁ። ልነግርሽ ረስቼ። ሀጀራ ስልክ ወስዳላት። ደህና ናት። ሰላም በልልኝ ብላሻለች።”

ስሂን ሳምቡሳውን አፏ ላይ አቆመችው።

“ድምጿ እንዴት ነው?”

“ትንሽ ሰልሏል። ያው ጾም አይደል።”

“ሌላ ምን አለች?”

“ልጆቹን ሳምልኝ አለች። ክረምቱ ከብዷል አለች፤ ጣራው በወጥ ቤቱ በኩል እንደገና ያፈሳል መሰለኝ። አንቺን ደግሞ… ጾሙን አትያዥው፣ ሥራ ታበዣለሽ፣ እግዜር ያውቅልሻል አለች።” ውሸቱ እየጣፈጠው መጣ። ሐሙስ ከሞተች ሴት ጋር ቅዳሜ ጠዋት የተነጋገረውን ሲያወራ ትከሻው እንኳ ላላ፤ ለአፍታ እሱም ያመነው ይመስል ነበር። ናዝራዊት አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ እሱም አንድ በአንድ መለሰላት። ዮዲ ጠረጴዛው ሥር እግሯን አንቀሳቀሰች፤ መብላት አልቻለችም።

ሲመለሱ ስልኳን ስትጠይቀው “ቻርጅ ላድርግልሽ” ብሎ ፊት ለፊት፣ ከጋሽ ከፈለ ጎን ሰካው። ፍሬድሪክስበርግን ሲያልፉ ጋሽ ከፈለ በመስተዋቱ አዩአት፤ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። “ደክሟታል” አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ “እግዚአብሔር ይመስገን።” ቤት ሲደርሱ ስሂን ሽሮውን በዘይት አንተክትካ ሁለት ጊዜ ጨመረችላት፤ ቀድማ ሻወር እንድትገባ ተወችላት፤ የራሷን አዲስ አንሶላ አነጠፈችላት። ናዝራዊት የተሰጣትን ሁሉ በላች። ከዚያ ሄዳ ተኛች፤ ማለት ጋደም አለች።

እሑድ ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ጥቁር የለበሱ ሰዎች አንድ በአንድ ገቡ፤ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፤ ያለ ድምፅ ተቀመጡ። ከእድሩ አሥራ ሁለት ያህል ናቸው። አስቀድመው የተመረጡ ሁለት ጠንካራ ሴቶች ወደ መኝታ ቤቱ በር ተጠጉ፤ ስትወድቅ የሚይዟት እነሱ ናቸው። ሊቀሰቅሷት ሲሉ በሩ ተከፈተ። ናዝራዊት ልብሷን ለብሳለች፤ ፀጉሯን አሥራለች።

ጋሽ ከፈለ ትንሽ ተደናገሩ፤ ቢሆንም ጀመሩ። “ልጄ ናዝራዊት፣ ተቀመጪ። እግዚአብሔር የሰጠውን መልሶ የሚወስድ አምላክ ነው። እናትሽ ትንሽ አሟት ነበር…”

“ከመቼ ጀምሮ?”

መርዶ ሲነገር ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። “ከ… ከፍልሰታ መግቢያ።”

“ሆስፒታል ገብታ ነበር?”

“ገብታ ነበር። ሐኪሞቹም የሚቻላቸውን ሁሉ…”

“ሐሙስ ሞተች” አለች ናዝራዊት።

ሁለቱ ሴቶች ሊይዟት ተነሡ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። የመጀመሪያው ጩኸት የእሷ ነው፤ እሷ ሳትጮህ ማንም ማልቀስ አይችልም። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አገልድመው፣ እጃቸውን ወደ ደረታቸው አንስተው ይጠብቃሉ፤ እጃቸው እየደከመ ነው። ስሂን ከኩሽናው በር ላይ ሆና ዮዲ ያለችበትን ታች ፎቅ የምታይ ይመስል ወለሉ ላይ አፈጠጠች፤ ማን እንደነገራት ገብቷታል።

“ጩኺ እንጂ ልጄ” አሉ አሮጊቷ። “ይወጣልሻል።”

“እጮኻለሁ” አለች ናዝራዊት። “መጀመሪያ ጋሼ ጸጋዬ አንድ ነገር ይመልሱልኝ። እማዬ ልታናግረኝ ጠይቃ ነበር?”

“አሁን ይሄ ምን ያደርግልሻል?” አለች ስሂን።

ጸጋዬ ጋሽ ከፈለን አየ። ጋሽ ከፈለ ለዚህ ሕግ የላቸውም። “መልስላት” አሉ በመጨረሻ።

“ጠይቃለች።”

“ስንቴ?”

“በየቀኑ። ሀጀራ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ታደርግላታለች… እስከ ረቡዕ።”

“ምን አሏት?”

ጸጋዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። “እዚያ ቀን ሲሆን እዚህ ሌሊት ነው። ተኝታለች አልኳት። ሥራ ውላ ተኝታለች።” እውነቱን ነበር፤ ተኝታ ነበር፤ እሱ ስልኩን ይዞ ከወረደበት ክፍል በላይ። “ላስጨንቅሽ አልፈለግሁም። ትድናለች ብዬ ነው። በመድኃኔ ዓለም፣ ትድናለች ብዬ ነው።”

“እሷስ ምን አለች?”

አንድ ሰው አሳለ። “‘እንግዲያው አትቀስቅሷት’ አለች” አለ ጸጋዬ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና ጮኸ። የመጀመሪያው ጩኸት የእሱ ሆነ። አሮጊቷ የተንጠለጠለ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አወረዱት፤ ሴቶቹ ተቀበሉ፤ ክፍሉ በአንዴ ተነቃነቀ፤ ሰዎች ተነሥተው ከበቡት፣ ደገፉት፣ ውሃ አመጡለት። “አይዞህ፣ አይዞህ ወንድሜ” ይሉታል። ለደቂቃ ያህል ማንም ወደ እሷ አልዞረም።

ናዝራዊት በሩ ሥር ጎንበስ ብላ በጥቁር ጫማዎቹ መሀል የራሷን ፈለገች። አገኘችው፤ ሳታስር እግሯን ሰካችበት። ጋሽ ከፈለ ብቻ አዩአት፤ እጃቸውን ዘረጉ። ወጣች፤ በሩን ወደ ራሷ ሳበችና ዘጋችው።